የባለቤቶቹ ፒክአፕ

የከተማችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ የኔ ወፍጮ ከቆመ ሰንብቷል። ሰዉ ገብሱን ለማስፈጨት የናፍጣ ወፍጮ ወዳለበት ወደ ሞላሌ በአህያ ይጭናል። ብዙ ስንጮህ አንድ የመብራት ኃላፊ በፒክአፕ መጥቶ አዳራሽ ሰበሰበን። ስለ ትራንስፎርመሩ ስንጠይቀው፣ «ይህ መሥሪያ ቤት የግለሰብ አይደለም፤ የሕዝብ ሀብት ነው። ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ» አለ። ካድሬዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ።

ደንበኛዬ እማማ አጸደ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እኔም ባለቤት ነኝ?»

«እንዴታ እናቴ፣ እርስዎም ነዎት።»

«አንተስ?»

«እኔ የእናንተ አገልጋይ ነኝ።»

«ደጅ የቆመችው መኪናስ?»

ትንሽ አሰበና «ያው፣ እሷም የሕዝብ ናት» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉና ወደኛ ዞሩ። «በሉ ገብሳችሁን አምጡ፤ መኪናችን ሞላሌ ልትሄድ ነው።»

አዳራሹ ባዶ ቀረ። ኃላፊው «እንደሱ ማለቴ አይደለም» እያለ ተከትሎን ወጣ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። እኔም ደንበኞቼ ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ እያየሁ ጆንያ አብሬ ጫንኩ፤ ሳቄ ከኪሳራዬ በለጠብኝ። እማማ አጸደ ጋቢና ገቡ፤ ሾፌሩ ሳቁን እየዋጠ ሞተር አስነሣ። ኃላፊው መኪናውን ለቆ መቅረት ስለፈራ ከኋላ ጆንያው ላይ ወጣ። ማታ ሲመለስ ክራቫቱ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል።

ትራንስፎርመሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተተከለ። ኃላፊው ለምርቃቱ መጣ፤ መኪናውን ግን ከከተማው ወጣ ብሎ አቁሞ በእግሩ ነው የገባው።