የሚሪን ሞተር ምን አሳለው?

ስልኩ ገና አንዴ ከመጮሁ ወልደ ኪዳን አነሣው።

— ሄሎ! አያ አይቸው! ... ሰንበት ወጣ? ... ሻቩዓ ቶቭ፣ ሻቩዓ ቶቭ! መልካም ሳምንት ያድርግልን። ኮከቦቹን በደንብ አይተሃል ግን? ... አይ፣ ድምፅህ የሮጠ ሰው ድምፅ ሆነብኝና ነው!

ወልደ ኪዳን እስራኤል አገር፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂ ነው። ቅዱሳን ቦታዎችን ሊሳለም መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። አይቸው ደግሞ ቤተ እስራኤል ነው፣ ከወገራ የመጣ። ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ቀን ከበሩ ፊት አልነሣም ብሎ የተገተረ የአይቸው አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ አብረው ሲገፉ ሲገፉ ጎንደሬነታቸው ታወቀና ወዳጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አላቸው። የሞተር እሽቅድምድም ቅዳሜ ከዋለ አይቸው ሰንበቱን አይሽርም፤ ወልደ ኪዳን በስልኩ አይቶ ያቆይለትና ማታ ከመነሻው ጀምሮ ይተርክለታል። ውጤቱን አስቀድሞ መናገር ነውር ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ከሌላው ጊዜ ይለያል። ዛሬ በደቡብ በረሃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው የጊላድ ቡድን ነው። የጊላድ ቡድን ዋና መካኒክ ደግሞ የአይቸው ልጅ ሚሪ ናት።

— የለም፣ የለም! መጨረሻውን እንዴት ትጠይቀኛለህ? ሕጉን ያወጣኸው አንተ! ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልክ ስንቴ አፌን ዘግተኸኛል ... እ? ... የሚሪ እጅ? ... ቆይ እንጂ ሰውየው፣ ገና ሞተሩ አልተነሣም! ... አውቃለሁ። አለቃዋ ጊላድ ያላትን አውቃለሁ። «በእጅሽ ጥፋት ሞተሩ ከቆመ ሁለተኛ አትነኪውም» ብሏታል። ሐሙስም ነግረኸኛል፣ ዓርብም ነግረኸኛል። አሁን ዝም ብለህ አዳምጥ።

ስልኩን በእጁ ከደን አድርጎ ወደ በረኛ ክፍሏ ጥግ ዞረ። ጥግ ላይ አባ ገብረ ሩፋኤል ተቀምጠዋል። ከዴር ሡልጣን ገዳም በእግራቸው መጥተው፣ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ «ትንሽ ልረፍ» ብለው ነው የገቡት። ዳዊታቸውን ገልጠዋል፤ ግን ገጹን ካገላበጡት ቆይተዋል።

— አባ፣ ድምፄ ይረብሽዎታል? ... አይረብሽም? እንግዲያው ይቅረቡ፣ ከዚያ አይሰማም።

ሳቀ እንጂ ሆዱ አልሳቀም። አመሻሽ ላይ ሚሪ ደውላለት ነበር። የእሷ ስልክ ባትሪው አልቆ በጊላድ ስልክ ነው የደወለችው። ውድድሩ መሃል ሞተሩን ያነቀው ነገር የአባቷ መሆኑን ነገረችው። ዓርብ ጧት ሚሪ ወደ ውድድሩ ልትወስደው ያመጣችው ሞተር ደጃቸው ቆሞ ሳለ፣ አይቸው በስደቱ መንገድ ሱዳን በረሃ ላይ የቀሩትን የእናቱን የነጠላ ጥለት ቁራጭ ከመቀመጫው ሥር ሸጉጦበት ኖሯል፣ ልጁን ይጠብቅልኝ ብሎ። ልጆቹ ውትድርና ሲሄዱም፣ ፈተና ሲቀመጡም በኪሳቸው የሚከትላቸው እሱኑ ነው። ሚሪ ግን «ጋሼ ወልደ ኪዳን፣ አባዬ እንዳይሰማ» አለችው፤ እሱም «እሺ ልጄ» አላት። አባ ይህን ሁሉ ሰምተዋል።

— እሺ፣ ጀመርኩ! ... ሃጋይ፣ ነጂው፣ ከመሃል ነው የተነሣው። ባንዲራው ሲወርድ እንዴት ያለ አነሣስ መሰለህ! ሦስቱን በአንድ ጊዜ! በውስጥ በኩል ገባና ... አዎ በውስጥ! እኔ እዚህ ከወንበሬ ተነሥቼ ስጮህ አንዲት መነኩሲት ሌባ ገባ ብለው ሮጠው መጡ! ... እስቲ ሳቅህን ያዝ። ከዚያ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ደረሰ። ማርሽ ጨመረ፣ ደገመ ... ሞተሩን አሳለው። ... አሳለው እልሃለሁ! እህ፣ እህ፣ እህ! እንደ ሽማግሌ! ... ኧረ አባ፣ እርስዎን አላልኩም!

... ማ? አባ ገብረ ሩፋኤል ናቸው። አዎ፣ እዚሁ ናቸው። ሰላም ብሎዎታል፣ አባ። ... ታዲያልህ፣ ኩርባው ላይ ደኅና ነው፣ ቀስ ሲል ደኅና ነው፤ ፍጥነት ሲሰጡት ይታነቃል። ያለፋቸው ሁሉ መልሰው አለፉት። ... ካንዴላ? እኔም ካንዴላ ነው ብያለሁ! ሚሪም እንደዚያው አለች መሰለኝ፣ ሃጋይ ወደ እሷ ገባ፣ ለወጠችለት። እጇ ሲሠራ ብታይ! ሌላው ቡድን ገና ብሎኑን ሲፈልግ እሷ ጨርሳ «ሂድ!» ብላ ጀርባውን መታችው። ... አዎ፣ ጀርባውን! በጥፊ! ... እንግዲህ የማን ልጅ ናት?

ደረቱን ነፍቶ ነው ይህን ያለው፣ ልጂቱን እሱ የወለዳት ይመስል።

— ወጣ። አንድ ዙር ደኅና። ቀጥታው ላይ ... እህ እህ እህ! ... ቤንዚን ነው? እሱንም ሞክራለች። ማጣሪያውን አወጣች፣ ቀየረች። ጊላድ በላይዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ... እኔንጃ ምን እንዳላት፣ አይሰማም። እሷ ግን ቀና ብላም አላየችው። ... ወጣ! አሁንስ በቃ ተሻለው ስንል ... ጭራሽ ጠፋ። ... ጠፋ! መንገዱ መሃል! ቆመ!

... ሄሎ? ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ምነው ዝም አልክ? ... ተረጋጋ፣ አላለቀም። ሃጋይ ወረደ። መግፋት ጀመረ። ... ማንም አይረዳውም፣ ደንቡ ነው፣ ራሱ ገፍቶ ካላመጣው ከውድድር ይወጣል። በዚያ ፀሐይ! ሄልሜቱን እንኳ አላወለቀም። አቀበቷ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፣ ተንበረከከ ... ተነሣ! ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፣ የሌላው ቡድን ሰዎች ሳይቀሩ! እኔ አለቀስኩ ብልህ ታምነኛለህ? አባ ምስክሬ ናቸው ... አባም እንባ አውጥተዋል፣ አሁን ራሳቸውን ቢነቀንቁም።

... ደረሰ! ሚሪ ጋ ደረሰ። አሁን ካንዴላውንም፣ ማጣሪያውንም አልነካችም። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ መቀመጫውን ነቀለች፣ ታንከሩን አነሣች፣ አየር የሚስብበትን ጉሮሮ አገኘችና ጣቶቿን ከተተች ... እና ...

ወልደ ኪዳን ትረካውን አቋረጠ። አባ ገብረ ሩፋኤል ዓይናቸውን ከዳዊቱ አንሥተው እሱ ላይ ጣሉት።

— ... የለም፣ መስመሩ አልተቆረጠም። አለሁ። ... ጨርቅ። ... ጨርቅ አወጣች። ቁራጭ ጨርቅ። ሞተሩ ፍጥነት በተሰጠው ቁጥር ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ጉሮሮው ላይ ይለጠፍና ትንፋሽ ይከለክለዋል። ቀስ ሲል ይለቀዋል። በቃ፣ በሽታው እሱ ነበር። ... የማን? ... እኔ ምን አውቃለሁ ... እ ... ለጊላድ «የሙሳኹ መወልወያ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ስሠራ እኔ ረስቼው ነው» ብላዋለች።

አይቸው በወዲያኛው በኩል እንደ ነጎድጓድ ተነሣ። ወልደ ኪዳን ስልኩን ከጆሮው አራቀው፤ አባም ከጥጋቸው ሆነው ሰሙት።

— ኧረ ቀስ! ... አያ አይቸው፣ ቀስ በል! ... ልጅህን እኮ ነው የምትሰድበው! ... አዎ፣ ጨርቅ መርሳት ነውር ነው። አዎ፣ ጀማሪም አይረሳም። ... ምን? ጊላድ እውነቱን ነው? አንተ ነህ ይህን የምትል? ... አዋረደችኝ አልክ? ... እንዴት «ዛሬ ስትመጣ ፊቷን አላይም»! ... ቆይ። ... ቆይ ብዬሃለሁ! አንድ ጊዜ።

ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

— አባ፣ ምን ላድርግ? እሺ ብያታለሁ እኮ። ... አልማልኩም፣ እሺ ነው ያልኩት። ... እሱማ እውነትዎን ነው። ዝም ብል እኔም አብሬ ወገርኳት ማለት ነው።

ሽማግሌው መነኩሴ ዳዊታቸውን ዘግተው መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አስገቡና ጠበቁ። ወልደ ኪዳን በሕይወቱ አንድን ሰው ለማስደሰት ብሎ ስልክ ማንሣት እንጂ ልቡን ለመስበር ማንሣት አያውቅም፤ በዚህ ሰዓት ስልኩን ጎዳናው ላይ ቢወረውረው ደስ ባለው።

— አያ አይቸው ... ዓርብ ጧት ሞተሩ ደጅህ ቆሞ ነበር አይደል? ... ሚሪ ዳቦ ልትገዛ ሄደች። ... አንተ ብቻህን ቀረህ። ... ምን አደረግህ?

... ሄሎ?

... አያ አይቸው፣ ትሰማኛለህ?

... አዎ። ... አዎ፣ እሱ ነው። ቀይና አረንጓዴው ጥለት። የእናትህ። ... ትንሽ ናት እሱማ፣ ጣት አትሞላም፤ ግን ለሞተሩ ጉሮሮ በቂ ናት። ... አውቃለሁ። ለክፉ እንዳላደረግኸው ማን አጣው! «እኔ መካኒክ ነኝ፣ ጨርቅ አያስፈልገኝም» ብትልህ በሞተሩ ሰደድክላት። ... ስታወጣው ገና ጥለቱን ዐወቀችው። በስልኬ አይቻታለሁ፣ እጇን ጨብጣ ፈጥና ከደረቷ ከተተችው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ... እሷው ደውላ ነገረችኝ። ... ለምን ዋሸች? እንዳይስቁብህ ነዋ! «ኢትዮጵያዊው አባት በሞተር ውስጥ ክታብ ደበቀ» እያሉ ሲሳለቁብህ ከምሰማ እኔው ጥፋተኛ ልሁን አለች። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ተሸክማ ያየኋት ግን እሷን ነው።

... አታልቅስ። ... እሺ፣ አልቅስ። ግን እያለቀስክ ስማኝ፣ ዋናው ወሬ ገና ነው እኮ! አልጨረስኩም!

ብድግ አለ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ግድግዳ ሲገጥመው ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል።

— ጨርቁ ወጣ። መቀመጫው ተገጠመ። ሃጋይ ገና እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሚሪ ኮሌታውን ይዛ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው፣ ዘሎ ወጣበት። ቀጥታው መንገድ! ትንፋሼን ያዝኩ። ማርሽ ... ማርሽ ... ሳል የለም! ... የለም እልሃለሁ! ዘፈነ! ያ ሞተር ዘፈነ! አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ቀይ ለባሹን፣ ያንን ትዕቢተኛ በውጭ በኩል ... አዎ በውጭ፣ በኩርባ ላይ፣ ጉልበቱ አስፋልቱን እየላሰ! የዕለቱን ፈጣን ዙር ማን የሮጠ ይመስልሃል? ... ሃጋይ! በሚሪ ሞተር! የሚያወራው ሰውዬ ድምፁ ተዘጋ! ... ደረጃ? ደረጃውን ተወው፣ ከኋላ ነው፣ ያን ያህል ቆመው። ግን ጨረሱ! ባንዲራው ሲወርድ ሞተሩ እየሄደ ነው፣ ተቆጥሮላቸዋል፣ ቡድኑ ለቀጣዩ ውድድር አልፏል! ... አልፏል! ... አዎን፣ እሰይ በል! አባ፣ እሰይ እያለልዎት ነው!

... ሚሪማ ... እሷን ጊላድ ከውድድሩ በኋላ ጠራት። ቃሉን ጠበቀ። የሚቀጥለው ላይ ሞተሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ አንቺ ጎማ ታቀብያለሽ አላት። ... ጎማ። ... አዎ፣ ያን ሁሉ ሠርታ።

 ወልደ ኪዳን ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። አይቸውን ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ገጭቶ እንኳ ግድግዳውን የሚወቅስ፣ ይቅርታ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ፣ ልጆቹ ፊት እንደ ዋርካ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይረሳዋል፣ ነገ ስለ ሌላ ያወራል ብሎ ፈራ።

— ሄሎ? ... አለሁ። ... የማን ቁጥር? ... የጊላድ? ... አለኝ እንጂ፣ በሱ ስልክ ነው የደወለችልኝ። ... አሁን? ነገ አይሻልም? ... እሺ፣ እሺ፣ አትቆጣ! አሁን እልክልሃለሁ። ... ምን ልትለው ነው ግን? ... «ጨርቁን የከተትኩት እኔ ነኝ» ብለህ? በቃ እንደዚያ? ... ይስቁብሃል እኮ አያ አይቸው። ሙሳኹ ሁሉ ነው የሚስቀው፣ ሚሪ የሸሸችው ይህን ነው። ... እ? ... «እኔ ላይ ይሳቁ» ... እሺ። እሺ ወንድሜ። ... የለም፣ እያለቀስኩ አይደለም። ጉንፋን ነው። ... ላኩልህ፣ ደረሰህ? ... ደረሰህ። እንግዲያው ምን ታደርጋለህ ከኔ ጋር፣ ዝጋው! ዝጋውና ደውል! ሄሎ? ...

ተዘግቷል። አይቸው ደኅና እደርም አላለ።

ወልደ ኪዳን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አነሣ፣ እንደገና አስቀመጠ። አባ ገብረ ሩፋኤል ወደ ገዳማቸው የሚወስድ መንገድ እንዳላቸው ጭራሽ የረሱ መስለው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ጥቂት ቆይቶ ወልደ ኪዳን መታገሥ አቃተውና የአይቸውን ቁጥር መታ፣ አዳመጠ።

— ተይዟል፣ አባ! ... መስመሩ ተይዟል! እያወራ ነው!

ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ሞከረ።

— አሁንም ተይዟል።