ለአለኸኝ የተከመረው ድንጋይ

አንድ አርብ ዕለት ከመካነ ሰላም ወደ መንደራችን በእግሬ ስመለስ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ጎረቤቴን አቶ ፈንታሁንን አገኘኋቸው። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እናኑን አዝለዋል። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዝናሽም መድኃኒቱን ይዛ አብራቸው ትወርዳለች። ልጅቷን ጊንጥ ነድፏት ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኝታ መውጣቷ ነበር። እግሯ በጨርቅ የተጠቀለለው ግን አያቷ መርዙን አወጣለሁ ብለው በምላጭ ስለበጡት ነው። መምህር ነኝና ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ያን ቀን ግን የሽማግሌውን ፊት አይቼ ዝም አልኩ።

ዝናሽ ዝም አላለችም። ከመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ውጭ የተደረደረው ድንጋይ ዛሬውኑ መነሳት አለበት አለች። ያን ክምር የማያውቅ የመንደር ሰው የለም። የእናኑ አባት አለኸኝ ቤት ሊሠራበት አስጠርቦት፣ ገንዘብ ሲያጥረው ሳዑዲ ከሄደ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ሦስት። አባቱ አቶ ፈንታሁን ሌባ ቢነካው እንድሰማ ብለው ከራስጌያቸው በኩል ደረደሩት።

«ልጄ፣ ጊንጥ ዛሬ የመጣ አይደለም» አሉ አቶ ፈንታሁን። «አባቶቻችንም አብረውት ኖረዋል። የታዘዘ አይቀርም።»

«ስንት ልጅ ቀብረው እንደኖሩ እርስዎ ያውቃሉ፣ አያ ፈንታሁን።»

ይህን ያለችው ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው። ከዚያ ጊንጥ ቀን ቀን በድንጋይ፣ በእንጨትና በኩበት ክምር ሥር እንደሚደበቅ፣ ሲመሽ በግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ መኝታ ውስጥ እንደሚገባ አስረዳቻቸው። ስንጥቁ በጭቃ ይመረግ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፣ አልጋው ከግድግዳ ፈቀቅ ይበል፤ ጫማና አንሶላም ሳይራገፍ አይነካ። ቢነድፍ ደግሞ ምላጩን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። አቶ ፈንታሁን ሁሉንም እሺ አሉ። ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«እሱን ካነሳሁትማ ልጄን ቀበርኩት ማለት ነው። መንደሩስ ፈንታሁን ተስፋ ቆረጠ አይልም?»

እኔ ግን በዚያ ክምር አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አለኸኝ ሞቷል እል ነበርና በራሴ አፈርኩ።

«አለኸኝ በሰላም ቢገባ» አለች ዝናሽ፣ «መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ድንጋዩን ነው ወይስ እናኑን?»

ሽማግሌው እናኑን ከፍ አድርገው አዝለው ወደ ደጃቸው ገሰገሱ። በሩ ጋ ስንደርስ እናኑ አንገታቸውን አንቃ ይዛ፣ «አባባ፣ ውስጥ አልገባም» አለች።

«አብሽሪ» አሏት። ደጅ ቁርበት ላይ አስቀመጧትና ጋቢያቸውን አውልቀው ዶማ አነሱ።

እሳቸው በዶማ እየፈነቀሉ፣ እኛ እየተሸከምን ድንጋዩን ወደ ግቢው ዳር አራቅነው። ሰባት ጊንጥ ገደልን። የመጨረሻዋ ልጆቿን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ከእናኑ መኝታ ትይዩ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። አቶ ፈንታሁን መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ስጠብቅ የኖርኩት ይህን ነው?»

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። ግድግዳው ተመርጓል፤ ቤቱ ውስጥም ጊንጥ አልታየም። ጎረቤቶች አይተው እንጨትና ኩበታቸውን ከቤት አራቁ። እኔም ስንት ዓመት ሳይንስ እያስተማርኩ ከመስኮቴ ሥር የከመርኩትን ፍልጥ ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናኑ በደህና ተኝታ ታድራለች፤ ትምህርት ቤትም ገብታለች። የአለኸኝ ድምፅ ግን እስካሁን የለም።

በቀደም ከክምሩ አራት ድንጋይ መሰረቁን አይቼ ለአቶ ፈንታሁን ነገርኳቸው። ወደ ክምሩ አየት አድርገው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

«ይውሰዱት» አሉ። «ልጄ ሲመጣ የማስረክበው ያቻት፣ ከትምህርት ቤት እየመጣች ነው።»