ጭቃ ያልነካት ኦራል

«ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል ደጊቱ? ድንቹን አላበሰበሰባችሁም?»

ስሜነሽ ይህን ስትጠይቅ ደጊቱ በረንዳው ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ ድንች ትለይላት ነበር። ለደጊቱ ቢሆን ሹክሹክታም ይበቃት ነበር። የስሜነሽ ድምፅ ግን አጥር ተሻግሮ የሚሄድ ድምፅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ አየነው ኦራል መኪናው ላይ ወጥቶ በመፍቻ ብረት ያንኳኳል። ኦራሏ ወታደር ስትጭን ኖራ፣ ስታረጅ በጨረታ ተሸጣ አየነው እጅ የገባች ባለስድስት እግር መኪና ናት። እሱ ከገዛት ወዲህ ከግቢዋ የወጣችው አዲስ ነገር ሊያስገጥምላት ዳንግላ ሲወስዳት ብቻ ነው፤ ያውም በበጋ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው ሲቦን።

ስሜነሽን ደግሞ የጨነቃት ሌላ ነው። ልጇ ትዕግስት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ወሯም ደርሷል። ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ረግረግ ደግሞ በነሐሴ አምቡላንስ ደፍሮ አይገባበትም። ስሜነሽ ፈርታለች፤ ስትፈራ ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እህልም አይወርድላትም። ሄዳ አየነውን «እባክህ ልጄ፣ ሰዓቷ ሲደርስ በመኪናህ አሻግርልኝ» ብላው ነበር። «ምን ችግር አለው እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት፤ እሱ ይግባላትና» አላት። ይህንኑ አምና ለሌላ ሰውም ብሏል። ስለዚህ ዛሬ ልመናውን ትታ ወሬውን ያዘች። በአሽሙር ሕግ የመለሰ ሰው ነገሩን የራሱ አደረገው ማለት ስለሆነ፣ አየነው መስማት እንጂ መመለስ እንደማይችል ታውቃለች።

«እኛማ ድንቹ ይበስብስ፣ ግድ የለም። ድንች ሌላ ይተከላል… ትዕግስት? ደህና ናት እቴ። እግሯ ትንሽ አባበጠ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወገቤን አለች። ኧረ አትደንግጪ! የሚደነግጥ ጎረቤት የሌለው ሰው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አይደል የሚባለው? እኛ ምን ጎድሎብን?

«ጎረቤት ስል ትዝ አለኝ… አንድ ሰው አለ አሉ። የት ነው አትበይኝ፣ እዚህ እንዳይመስልሽ፤ ወደ ጥሊሊ ግድም ነው መሰለኝ። መኪና ገዛ አሉሽ። ምን ዓይነት መኪና! ዳገት የማይበግራት፣ ወንዝ የማያቆማት፣ ስድስት እግሯ ሁሉ የሚስብ። ሰውየው ደግሞ ዕቃ አያያዝ ሲያውቅ! እንደኛ ባሎች ማረሻውን ዝናብ ላይ ጥሎ የሚገባ አይደለም።

«መጀመሪያ ቀለሟን ለወጠላት። የወታደሩ ቀለም ጭቃ ሲነካው አያስታውቅም ነበር። የዛሬው ሰማያዊ ነው፤ ዝንብ ብታርፍበት ከዚህ ሆነሽ ትቆጥሪያታለሽ። ቀጥሎ ከፊቷ መጎተቻ አስገጠመላት። የብረት ገመዱ ተጠቅልሎ ስታዪው ሹሩባ ነው የሚመስል። ጭቃ ቢይዛት ገመዱን ዛፍ ላይ አስራ ራሷን በራሷ ጎትታ ትወጣለች አሉ። ይኸ ጥበብ አይደለም? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ… የዚያ ሰው ገመድ ግን አይበጠስም፣ አያጥርም። ከጥቅልሉ መች ወጥቶ?»

ደጊቱ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ከማዶ መፍቻው ትንሽ ዘግየት ብሎ እንደገና ማንኳኳቱን ቀጠለ።

«ደግሞ አፍንጫዋን አስረዘመላት ብልሽ ታምኚኛለሽ? እውነቴን ነው! ወንዝ ስትሻገር ውኃ እንዳያፍናት ብሎ፣ አየር የምትስብበትን ቧንቧ ከጋቢናዋ በላይ አውጥቶ አቆመላት። እኛ ያንን ረግረግ ስንሻገር አገጫችንን ወደ ሰማይ እናነሳለን እንጂ ማን አፍንጫ ቀጠለልን? ከዚያ ደግሞ ጭቃ እንዳይረጫት ጎማዎቿን ሁሉ ፓራፋንጎ አለበሳቸው። እስኪ አስቢው፣ ጭቃ ሳይረግጡ ከጭቃ መጠንቀቅ! ሌላው ሰው ሲታመም ነው መድኃኒት የሚፈልግ። እሱ መድኃኒቱን አሟልቶ ገዝቶ ሕመሙን ነው የከለከላት።

«የዝናብ ሸራው አለልሽ፤ ጠብታ አያሳልፍም። መሰላሉ አለልሽ፤ አሮጊት ሳትቀር ሽቅብ ትወጣበታለች… ብትፈቀድላት። ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ወፍራም የስፖንጅ ትራስ። ታማሚ ቢጋደምበት ሕመሙን ይረሳል። ክላክሱን ከጫግኒ ነው አሉ ያመጣው፤ በሬ ሲሰማው ቀንበሩን ጥሎ ይሮጣል። ዳንግላ የሄደች ቀን ባለጋሪዎቹ ሁሉ ፈረሳቸውን ወደ ዳር ስበው አሳለፏት አሉ፤ ሙሽራ መስላቸው።

«ይኸ ሁሉ አልበቃ ብሎት… የአያቱን ፈረስ ጌጥ፣ ያንን መርገፍ፣ ከሣጥን አውጥቶ መስታወቷ ላይ አንጠለጠለላት። አየሽ ዘር ማክበር? እንጅባራ ጥር ላይ ፈረሶቹ ሲወጡ የዚያን ሽማግሌ ፈረስ የማያውቅ ማን ነበር? በዚያ መርገፍ ሙሽራ አጅቧል፣ ለቅሶ ደርሷል፣ ውኃ የወሰደው ሰው አለ ሲባል ቀድሞ የተገኘ እሱ ነው። እና መርገፉ ለመኪናዋ ተረፋት… ሩጫው ከፈረሱ ጋር ተቀበረ እንጂ።»

ይህኛው አጥሩን አልፎ ጠልቆ ገባ። መፍቻው ዝም አለ። ስሜነሽ ድንች በእጇ ይዛ አዳመጠች፤ ልቧም ለጥቂት ራራ። አየነውን ከትንሽነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ደግነቱ ነው የሚያናድዳት። «በይ ተነሽና ግቢው ገብተሽ እግሩ ላይ ውደቂ» አላት ሆዷ። ልትነሳ ጉልበቷን ስትይዝ፣ ከማዶ ኳ ኳ ኳ አለ መፍቻው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ደግ እኮ ነው፤ ደግ አይደለም ያለ ዓይኑ ይጥፋ። ሐምሌ ላይ የአድማሴ ሚስት ማናለብሽ ምጥ ሲይዛት፣ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ሲሰበሰቡ፣ አንቺም ነበርሽ አይደል? ያ ሰው ከዚያ ሁሉ አገር ሰምቶ ደረሰ! ባዶ እጁንም አልመጣም። ከመኪናዋ ወንበር አንዱን ትራስ ፈትቶ ‹ይቆረቁራታል› ብሎ ቃሬዛው ላይ አነጠፈላት። እንዴት ያለ አንጀት ነው? መኪናዋ ባትሄድ ትራሷ ሄደች!

«ልንነሳ ስንል ደግሞ ‹ቆዩኝማ› ብሎ ሮጠ። እኔ ሞኟ ሞተር ሊያስነሳ መስሎኝ እልል ልል አፌን ከፈትሁ… ለካስ ክላክሱን ሊነፋልን ነው። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ ማለቱ ነው። አገር ምድሩ ተናወጠ፤ ማናለብሽ ምጧን ትታ ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ መጣና የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ተሸከመ። ማን ሊቀድመው! ሌላው ተራው ሲደርስ ይለቃል፤ እሱ አልለቅም አለ። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ ‹አይዞሽ እህቴ› እያለ። ሰው መኪናውን አድክሞ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ እሱ መኪናዋን ቆጥቦ ራሱን አደከመ። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ታመጫለሽ?

«ማናለብሽም ረግረጉን ሳንጨርስ፣ በሚወርድ ዝናብ፣ ነጠላ ዘርግተን ጋርደናት ተገላገለች። ልጁ ያረፈው በማን ትራስ ላይ ነው? በመኪናዋ! እና በመኪና ወለደች ቢባል ምን ሐሰት አለው? ደሟ ነው እንጂ አልቆም ብሎ… አስፋልቱ እስክንደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ…»

የዚያን ቀን የማናለብሽን እጅ ይዛ የሄደችው ራሷ ስሜነሽ ናት፤ እጁ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተሰምቷታል። ሴትዮዋ ተርፋለች፣ ልጁም ጡት ይጎትታል። ስሜነሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ፊት ባሰበች ቁጥር የሚታያት የትዕግስት ፊት ነው። ሳቋን መልሳ ለበሰች።

«ተረፈች፣ ተመስገን ነው። የተረፈ ሰው ይሳቅበታል፤ ባትተርፍ እኮ ዛሬ ይኸን ጨዋታ አንጫወትም ነበር። ድሮ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይሉ ነበር… በኛ ሰፈር የቸገረው እርጉዝ ይሸከማል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለችዋ ሴት እንኳ ከኛ ትሻላለች፤ የሷ ላም ሩቅ ናት፣ ተስፋ ትቆርጣለች። አጥር ማዶ የታሰረችን ላም ግን ምን ብለሽ ትረሺያታለሽ?

«እኔስ የምታሳዝነኝ መኪናዋ ናት። ወጣትነቷን በሙሉ ሰው ከጭቃ ስታወጣ የኖረች ፍጥረት… ዛሬ ዝናብ በመጣ ቁጥር ‹ውጪ ውጪ› ሳይላት ይቀራል? ሰውየውን ‹መቼ ነው የምትወጣ?› ሲሉት ‹አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል› ይላል አሉ። እውነቱን ነው፤ አንድ ነገር ቀርቷታል። ምን እንደሆነ ግን እኔ ደፍሬ አልናገርም፤ ከዳንግላ ገበያም የሚገኝ አይመስለኝ።

«ዛሬ ምን እየገጠመላት ነው አልሽ? መጋረጃ! የጋቢና መጋረጃ፣ ዘርፉ ወርቃማ። ጥሩ አደረገ። እኛ ቃሬዛ ተሸክመን በደጇ ስናልፍ በመስኮት አይታን አንጀቷ እንዳይላወስ። ሴት ሴትን ስትቸገር ማየት ከባድ ነው እኮ… መኪና ብትሆንም።»

ከቤት ውስጥ «እማ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎም «እማዬ!» አለች ትዕግስት፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዝሞ። ስሜነሽ የያዘችውን ድንች ጣለች። ከማዶ መፍቻው ጸጥ ብሏል፤ ዝናቡ ብቻ የኦራሏ ሸራ ላይ ይንጣጣል። ብድግ ብላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ፊቷን ለደጊቱ፣ ድምፅዋን ለአጥሩ ሰጠች።

«በይ እቴ፣ ወንዶቹን ቃሬዛ አውጡ በይልኝ። ያንን ሰው ግን አትጥሪብኝ፤ መጋረጃው ይጣመምበታል። ለሱ ምርቃት ነው የሚገባው። እግዜር የጎደላትን አንድ ነገር ይሙላለት! ቀለሟ አይልቀቅ፣ ጭቃም አይንካት፣ ለልጅ ልጁ እንዳዲስነቷ ትቆየው! ለሱም ዕድሜ ከጤና ይስጥልን! እንዲያው የሰው ነገር ነውና… እንደዛሬው ባለ ክረምት አንድ ቀን ቢያመው ደግሞ አይስጋ፤ እሷን ከመጋረጃዋ አናስነሳበትም። እኛ አለንለት፤ ትከሻችን ጌጥ የለውም እንጂ ጭቃ አይፈራም። በዚያችው ትራስ ላይ አጋድመን፣ በደጇ ቀስ ብለን አሳልፈን፣ ክላክሱንም አንድ ጊዜ ነፍተንለት፣ ተሸክመን እናደርሰዋለን። አሜን በይ ደጊቱ፣ ከልብሽ አሜን በይ።»