የእኔ አበባ በሙጬ ስም

አይ፣ ጉልበቴ አይደለም የሚያስወጣኝ። ጡረታዬ ደርሶ ነው። ግን ቀንቼ እንደምሄድ እወቁልኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንበር ለደረደራችሁ፣ ኬክ ለቆረሳችሁ፣ ውለታ መላሽ ያድርገኝ። አለቃችን «አምስት ደቂቃ» ብለውኛል። እሱማ ጉሮሮዬን ለመጥረግም አይበቃኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የዕፅዋት ማከማቻ ቤት፣ ለተመራማሪዎች የደረቀ አበባ ወረቀት ላይ ስሰፋ ኖርኩ። ከሰው ዘር ይልቅ የአበባ ዘር አውቃለሁ። ባቄላና ግራር አንድ ቤተሰብ ናቸው ቢሏችሁ ማን ያምናል? እንደ ባሌ ዘመዶች ናቸው፤ ሠርግ ካልሆነ አይተያዩም።

አንድ ቀን ቢጫ አበባ መጣ። ተመራማሪያችን ዶክተር «የባቄላ ወገን» ብለው ጽፈውበታል። ስሰፋው አገዳውን በጣቴ ባሽከረክረው እምቢ አለኝ። እንደ ናና አገዳ አራት ማዕዘን! ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ፣ ሽታውም ናና ናና ይላል።

እዚህ ቤት የፊተኛው ጽሑፍ አይፋቅም። ስህተት ያየ ሰው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ከሥሩ ይለጥፋል። የእኔ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረችው ነው። አጠገቤ ወረቀት የምትለጥፈውን ሙጬን እንዲህ አልኳት፦

«ጻፊልኝ እስቲ።»

«ምን ልበል፣ እማማ?»

«የናና ወገን ነው በይ።»

ጻፈች። ፈረመችም። በማን ስም? በራሷ። እኔ መች አነበብኩት?

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ብጣሹን አይተው መረመሩና «ዓለም የማያውቀው አበባ ነው» አሉ። የላቲን ስም ወጣለት፤ ፊቱ የወገኑ ስም፣ ኋላው የላቲን ጭራ የተቀጠለለት የሙጬ ስም። አጨበጨብን። እጄ ሲያጨበጭብ ቆሽቴ አረረ። አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» እያልኩ፣ በሆዴ «የሰው አበባ ለባሽ» ስላት ኖርኩ።

ሙጬ፣ ቀና በይ፣ አልነክስሽም። ባለፈው ሳምንት መጥታ ምን አለችኝ?

«እማማ፣ በልማድ ነው የፈረምኩት። በኋላ ሲያጨበጭቡልኝ አፌ ተያዘ።»

«እኔም ብሆን አልናገርም ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው።

ዶክተርን ጠየቅን። አንዴ የወጣ ስም አይለወጥም፣ ሕጉ ነው አሉ። ብጣሽ መጨመር ግን ይቻላል። ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሙጬ ለጠፈችው። ቅናቴ ለቀቀኝ? ግማሹ።

በሉ፣ የአበባ ቁም ሣጥናችሁን ነቀዝ አይድፈረው። ዓይናችሁ ያየውን ሌላ አይፈርምበት። ለወጉ ያብቃችሁ፣ እንደ እኔም ተናግራችሁ ውጡ።

ማነው በሩ ላይ? ልጄ ናት? መኪናው ቆሟል? መጣሁ በሏት። ሙጬ፣ ነይ ቦርሳዬን ይዘሽ ሸኚኝ። አበባዬን መሸከም ከቻልሽ ቦርሳዬ አይከብድሽም።