የካዛንቺስን ደብተር ማን ይረከብ?

«ቆይ እስቲ፣ ሁሉም ጠባቂ ከሆነ የሚጠየቀው ማነው?» አሉ ጋሽ አባዲ፣ መቀሳቸውን ጨርቁ ላይ ጣል አድርገው።

«ሁሉም ነዋ ጋሼ!»

«ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም። አርባ ዓመት ካዛንቺስ ስሰፋ ሁሉም የሚባል ሰው መጥቶ ሱሪ አሰፍቶ አያውቅም።»

ፍሬአብ ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ደግሞ ሽማግሌውን ይብስ አናደዳቸው።

«አሜሪካ የስም መዝገቡን ለቀቀች አልከኝ። እሺ። ለማን ሰጠች? ለሁሉም። ሁሉም ቤቱ የት ነው? የትም። በል እንግዲህ! እንዲህ ያለ ወሬ ይዘህ ነው ደብተርዎን ይስጡ የምትለኝ?»

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው። ጋሽ አባዲ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሰዉ ተበተነ፤ አንዱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ላንቻ፣ አንዱ ቄራ፣ አንዱ ገላን ገባ። የሳቸው የቆርቆሮ ሱቅ ግን ከመንገዱ ማዶ ስለነበረች ተረፈች። የሄደው ሰው ሁሉ የሰጠውን ልብስ ሊወስድ ሲመጣ «የት ገባህ?» ይሉና ከልኬቱ ጎን ይጽፉታል። እንዲህ እንዲህ እያለ የልኬት ደብተራቸው የሰፈሩ አድራሻ ሆነና አረፈው። ሠርግ ያለው፣ ልቅሶ የደረሰበት፣ የድሮ ጎረቤቱ የናፈቀው ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። እሳቸውም መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ለሊሳ… ለሊሳ… ወገብ ዘጠና ስድስት፣ ጎተራ፣ ሦስተኛ ፎቅ» ይላሉ። ደብተሩን ሌላ ሰው አይነካውም። አይጽፍበትም፣ አያነበውም፣ ባጭሩ አጠገቡም አይደርስ።

አሁን ግን የሳቸው ዓይን ሞራ ለብሷል። ሰኞ ቀዶ ጥገና ይገባሉ፤ ሁለቱም ዓይን በየተራ ስለሆነ ሐኪሙ ሁለት ወር መስፋትም ማንበብም የለም ብሏቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ፍሬአብ የሥራ ሱሪውን ሊያሳጥር እግረ መንገዱን ጎራ ሲል፣ «ደብተሩንስ ማን ይይዘዋል?» ብሎ ጠየቀ። በቃ፣ ነገር የተነሳው በዚህ ነው።

ፍሬአብ ደግሞ በአንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ማይክ የሚያዞር ልጅ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርት ማይክ እያዞረ ነው የጨረሰው። አንድ ሳምንት ስለ ወተት ይሰማል፣ አንድ ሳምንት ስለ ባቡር ይሰማል፤ ያለፈው ሳምንት ተራ የኢንተርኔት ነበር። ሁሉንም ግማሽ ግማሽ ያውቃል፤ ሲያወራው ግን ሙሉ ነው።

«ከመጀመሪያው ልንገርዎት» አለ፣ በርጩማውን ጠጋ አድርጎ። «ስልክ ላይ የአንድ ድረ ገጽ ስም ይጽፋሉ አይደል?»

«እኔ አልጽፍም።»

«እሺ እኔ ልጻፍ። ማሽኑ ግን ስም አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ‹ይሄ ስም ቤቱ የት ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ የኛ አገር ስም መጨረሻው ነጥብ ኢቲ ነው። ነጥብ ኢቲ የሚል ስም ሲመጣ ማን ጋ ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው ከሁሉም በላይ ያለውን መዝገብ ነው። ማለቴ፣ እርስዎን ማለት ነው።»

«እኔን?»

«እርስዎን። የዓለም ጋሽ አባዲ ይበሉት!»

ይቺ ጣፈጠቻቸው። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ቀጥ አደረጉ። «እሺ፣ ቀጥል።»

«መዝገቡን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ ከላያቸው ሆኖ የሚቆጣጠረው ግን የአሜሪካ መንግሥት ነበር። ውል ነበራቸው። በኛ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ በመስቀል ሰሞን፣ ለቀቀ።»

«ተጣልቶ?»

«ኧረ በሰላም።»

«ፈርሞ?»

«አልፈረመም። የውሉ ጊዜ አለቀ፣ አላደሱትም፣ በቃ።»

«እንዲሁ ዝም ብሎ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት ቆይተው፣ ከዛ ዝም ብሎ።»

ጋሽ አባዲ መርፌ ውስጥ ሊያስገቡ የያዙትን ክር አስቀመጡት። «በማግስቱስ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ስልኩ ይሠራል፣ መልእክቱ ይገባል። እኔ ራሴ ያን ቀን ኳስ ሳይ ነው የዋልኩት፣ ማን አውቆት!»

«እና ምንም ካልሆነ ተደረገ የምትለኝ ምኑን ነው? ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል ግን?»

እዚህ ጋ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፍሬአብም ግራ ገብቶታል። ስብሰባው ላይም እንደዚሁ ግራ ገብቶት ነበር። በሻይ ሰዓት ሊዲያ የምትባል ተሰብሳቢ አስቁሞ «እህቴ፣ አሁን ይሄ ነገር የማነው?» ብሎ ጠየቃት። መለሰችለት፣ አልገባውም። ደግማ መለሰችለት፣ እሱም አልገባውም። በሦስተኛው፣ ሳምቡሳዋ ሲያልቅ፣ ትንሽ ገባው። አሁን ያቺን ትንሿን ይዞ ነው ሽማግሌ የሚሞግተው።

«የተለወጠው ስጋቱ ነው ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ድሮ ‹ያ አንድ መንግሥት አንድ ቀን ቢከፋውስ?› ይባል ነበር። አሁን ብቻውን ተከፍቶ የሁሉን ነገር የሚያበላሽ የለም።»

«እሺ፣ ገባኝ። ደብተሩ ከእጄ መውጣቱ ካልቀረ ለወረዳ እሰጣለሁ። ማህተም አላቸው፣ ካዝና አላቸው።»

«አሜሪካኖቹ ገና ሲጀምሩ የከለከሉት እሱን ነው እኮ! ለሌላ መንግሥትም፣ ለመንግሥታት ማኅበርም አንሰጥም ነው ያሉት።»

«መንግሥት ሆኖ መንግሥት አይንካው ይላል?»

«ይላል።»

«ራሱ መንግሥት አይደለም?»

«ነው።»

«ኧረ ባክህ ጭንቅላቴን አታዙረው፣ ሰኞ ቀዶ ጥገና አለብኝ!»

ፍሬአብ አሁን እጁን እያወናጨፈ ነው። «ምክንያት አለው! አንዱ መንግሥት ከያዘው ሌላው ‹እኔስ ለምን አልይዝም?› ይላል። ከዛ እያንዳንዱ የየራሱን መዝገብ ይከፍታል። ያኔ አንዱ ስም እዚህ ሲጽፉት አንድ ቤት፣ እዛ ሲጽፉት ሌላ ቤት ይወስድዎታል። አሁን በሚወስነው ጉባኤ መንግሥታትማ አሉበት፣ ወንበር አላቸው። ግን ነጋዴውም አለበት፣ መሐንዲሱም አለበት፣ እንደኔ ዝም ብሎ የሚጠቀመውም አለበት። ወረዳም ደስ ካለው መጥቶ ከሰዉ ጋር ይቀመጥ። ደብተሩን ይዞ መሄድ ግን የለም።»

«የኛ ሰዎች ሌላ ደብተር አይከፍቱም።»

«ከፍተዋል። ጎተራ ያሉት ቴሌግራም ላይ የራሳቸውን ጀምረዋል። ለሊሳ እዛ ላይ ቄራ ነው፣ እርስዎ ጋ ጎተራ ነው።»

«ለሊሳ ራሱ መጥቶ ካልነገረኝ አልለውጥም። ሥርዓት ነው።»

«ሦስት ጊዜ ደውሎልዎታል።»

«ደወለ እንጂ መች መጣ?»

ተመልከቱ እንግዲህ። ክፉ ሰው አይደሉም። ደብተሩን በታማኝነት ነው የጠበቁት፤ አንድ ሰው አሳስተው አያውቁም፣ አንድ ሰው አስከፍለው አያውቁም። ግን ጠባቂ ብቻውን ብዙ ሲቆይ የሚጠብቀው ነገር የራሱ ይመስለዋል። ይሄ የሳቸው ብቻ በሽታ አይደለም፣ ቁልፍ የያዘ ሁሉ አለበት።

በዚህ መሃል እትዬ ማዕዛ የቀሚሳቸውን ዚፕ ሊያስቀይሩ ገቡ። አሁን የሚኖሩት ላንቻ ነው፤ ለዚፕ ግን እስካሁን እዚሁ ይመጣሉ። ሰላምታ እስኪያልቅ ጠብቀው ጋሽ አባዲ ፍርድ እንዲሰጡላቸው ነገሩን አቀረቡ።

«አንቺ ፍረጂን። ይሄ ልጅ ደብተሩን ለሕዝብ በትኑ ይለኛል። እኔ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ይቆለፍበት፣ ሁለት ወር ነው አልኩ። ሰው ሁለት ወር መጠበቅ ያቅተዋል?»

እትዬ ማዕዛ ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ፋጤ ጠበቀችዎት?» አሉ።

ጋሽ አባዲ መነጽራቸውን ሲያወልቁ እትዬ ማዕዛ ቀጠሉ።

«በግንቦት ጉንፋን ይዞዎት አስር ቀን የዘጉ ጊዜ ነው። ፋጤ ማለዳ አረፈች። የነሱ ቀብር ያው የዛኑ ቀን ነው፣ አይቆይም። ልጇ ጀሚል የማናችንንም አዲስ ቤት አያውቅም፤ ደብተሩ ያውቃል ብሎ ከቄራ እዚህ ድረስ ሮጠ። በሩ ተቆልፏል። ትንሽ ቆሞ ሄደ። እኔ ሠላሳ ዓመት ከፋጤ ጋር በአንድ ግድግዳ ኖሬ፣ እሷ ስትቀበር ላንቻ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው።»

«ጀሚል መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ማንም አልነገረኝም እኮ።»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

ጋሽ አባዲ መሳቢያውን ስበው ደብተሩን አወጡት። ዓይናቸው ጽሑፍ አጥርቶ ስለማያይ ጣታቸውን በገጾቹ ጠርዝ እየነዱ ፈለጉ፤ ቦታውን በእጃቸው ነው የሚያውቁት። ገጹን ሲያገኙት ለፍሬአብ አዞሩለት። «አንብበው።»

«ፋጤ። ትከሻ አርባ ሁለት። ቄራ፣ ከመስጊዱ ጀርባ።»

«አልሰረዝኳትም» አሉ። «ጥቁር ቀሚስ ልሰፋላት ጨርቁን ሰጥታኝ ነበር። እዚህ አለ።»

ፍሬአብ ሳይቀልድ ደብተሩን መልሶ አዞረላቸው። ከዛ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዛ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ሽማግሌው ደብተሩን ዘጉት። «እሺ ይሰጥ። ግን የሴቶቹ ወገብ አለበት። የማዕዛን ወገብ ለሕዝብ ልበትን?»

«ይሞክሩና ያዩኛል!» አሉ እትዬ ማዕዛ።

«ልኬቱ እዚሁ ይቀራል» አለ ፍሬአብ ተነቃቅቶ። «ልኬቱ የእርስዎ ሙያ ነው። አድራሻው ግን የባለአድራሻው ነው፤ እሱን ብቻ እንገለብጣለን። እነዛ የኢንተርኔት ሰዎችም ሥራውን ለያይተውታል። ደንቡን የሚያወጣው ሌላ፣ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ሌላ። ጸሐፊው ከራሱ አይጨምርም። አላግባብ ከሄደ ሰዉ ያወርደዋል። የኛንም እንደዛ እናድርገዋ! አራት ግልባጭ፤ ጎተራ አንድ፣ ላንቻ አንድ፣ ቄራ አንድ፣ ገላን አንድ። አድራሻ የሚለወጠው ባለቤቱ ሲናገር ነው፤ ስልክም ይበቃል፣ ሁለት ሰው ይስማው እንጂ። አንዱ ጋ የተለወጠ ያው ቀን አራቱም ጋ ይለወጣል።»

«እኔስ?» አሉ ጋሽ አባዲ ቀስ ብለው። «እኔ ምን ሆኜ እቀራለሁ?»

ለካ ሲፈሩት የነበረው ይሄ ነው። ሰው መጥቶ «ጋሽ አባዲ፣ እገሌ የት ገባ?» ካላላቸው ያቺ የቆርቆሮ ሱቅ ሱቅ ብቻ ልትሆን ነው።

«ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት» አለ ፍሬአብ።

«መጨረሻ የሚወስነውስ?»

«ሰዉ።»

ሽማግሌው ረጅም ተነፈሱ። «ነገ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሯቸው። እስላሞቹንም ሰዓቱ ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቁ» አሉ።

እሁድ ሃያ ስድስት ሰው ሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። ቀላል አልነበረም። ማን ይጻፍ በሚለው አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቁ፤ አንዱ «የተከራይ ስም ይግባ ወይስ የባለቤት?» ብሎ እንደገና አስጀመራቸው፤ የሁሉም ይግባ ተባለ። ከቄራ ጀሚል ግልባጩን ተረከበ፣ ከላንቻ እትዬ ማዕዛ፣ ከጎተራና ከገላንም አንድ አንድ ሰው። ፍሬአብ ወሬውን አምጥቶ ሳይመረጥ ቀረ፤ ትንሽ ከነከነው፣ ግን ዋጠው።

ጥቅሙ ደግሞ የታየው ወዲያው ነው። ጋሽ አባዲ ዓይናቸው ታሽጎ ተኝተው እያለ የሰፈሩ ልጅ አፍራህ ጎተራ ላይ ተዳረች፤ የካዛንቺስ ሰው አንድ ሳይቀር ተጠራ። ለሊሳ በስልክ ብቻ ወደ ቄራ ተዛወረ። የቴሌግራሙ ሌላ መዝገብ ተዘጋና ሁሉም አንዱን መዝገብ መጠቀም ያዘ። የአንዱ ሰው ጉንፋን የሌላውን ቀብር ማስቀረቱ ቀረ። ግልባጭ ከያዙት አንዱ ታምሞ፣ ተኮራርፎ ወይም አገር ቤት ሄዶ ቢቀር አድራሻው ሦስቱ ጋ ይገኛል። የሚገርመው፣ ደብተሩ እጅ መቀየሩን ብዙው ሰው ልብ እንኳ አላለውም። ስም ይጠይቃል፣ ቤት ይነገረዋል፣ ይሄዳል። ነገሩ ለብዙ ሰው ሲሰጥ እንደዚህ ነው፤ ከሠራ አይታይም።

በሦስተኛው ሳምንት ፍሬአብ ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቃቸው ሄደ። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ በሌላኛው ትክ ብለው አዩት። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ እየደወለ ምክር ይጠይቃቸዋል፣ ስለ አድራሻ ሳይሆን ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር።

«ይኸው ተሳካ አይደል?» አለ ፍሬአብ እግሩን ዘርግቶ። «እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ ከነገርኩዎት ውስጥ የትኛው ነው ያሳመነዎት? የውሉ ነው? የሁለት ዓመቱ ክርክር ነው? ወይስ መንግሥት አይረከበው ያሉት?»

«ኢንተርኔቱማ እስካሁንም አልገባኝም» አሉ ጋሽ አባዲ። «ለአንድ ሰው ይሰጥ ከተባለ ያ ሰው አንተ ልትሆን ነው ብዬ ደንግጬ ነው ለሁሉም ይሰጥ ያልኩት።»