የፊቷ የእኔ፣ የኋላዋ የሰይድ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባና ያርሳል፤ ታዲያ የራስህን በሬ ብትቀልበው ባትቀልበው ያኛው ምን አገባው? አያገባውም። እኔና ጓደኛዬ ሰይድም ትራክተሯን የያዝናት እንዲያ ነው።

ትራክተር ስላችሁ ያቺን ትልቋን እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ናት፣ የአትክልት መደብ የምታርስ፤ ድሮ ጎብዬ አጠገብ የነበረ እርሻ ጥሏት፣ እሾህ በቅሎባት ነው ያገኘናት። እኔ በጉብዝናዬ እዚያ እርሻ እሠራ ነበር፣ እና ማኖቬላ የሚሉትን ጠማማ ብረት ከፊቷ ሰክቶ፣ በክንዱ አዙሮ የሚያስነሳት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ብቻ! ሰው ቆሞ ነበር የሚያየኝ። ታዲያ ስንጠግናት "ድሮ እንደነበረች ትሁን" አልኩ። ሰይድ ደግሞ "ወላሂ አያ ካሳ፣ ማሻሻል ነው እንጂ! ሞተሪኖ እናስገባላትና በቁልፍ ትነሳ" አለ። "ቁልፍ ካማረህ ባጃጅ ግዛ" አልኩት። "እሽ፣ እንካፈላት" አለ። ተካፈልናት። ከመሪው ወደፊት የእኔ፣ ከመሪው ወደኋላ የሰይድ።

መካኒኩ፣ የቆቦ ልጅ ነው፣ ግራ ገባው። "አባቶቼ፣ ይቺ እኮ ትራክተር ናት" አለን። "ታዲያ?" አልነው ሁለታችንም። እና የእኔን ግማሽ ያንኑ የድሮውን አረንጓዴ ቀባልኝ፣ ማኖቬላዋንም አቃንቶ ሰጠኝ። ለሰይድ ከሚኒባስ የተነቀለ ወንበር፣ ጥላ፣ መስታወት። መስታወት! በእርሻ መሃል ማን ሊቀድመው እንደሆነ እንጃ።

ታዲያ ክረምት ገባና ጎርፉ ከተራራው ወረደ። የራያን መሬት ታውቁታላችሁ፤ ጎርፉን ጠልፈህ ካጠጣኸው ቶሎ አርሰህ ማሽላህን መዝራት ነው፣ ከደረቀብህ ዓመቱ አለቀ። የእኔም የሰይድም መሬት እኩል ጠጥቷል። ማኖቬላዬን ሰካሁ፣ አዞርኩ። ዝም። ደግሜ አዞርኩ። ዝም። ልትነሳ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ ብረቱ ተመልሶ መታኝና ትከሻዬ ወለቀ። ሰይድ "አያ ካሳ፣ እንግዲህ ሞተሪኖውን..." ሲል "የእኔን ግማሽ እንዳትነካ!" ብዬው ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ።

ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ ድምፅዋን ሰማሁ። ተነስታለች። ያለ እኔ! እንዴት አንጀቴ እንዳረረ አልነግራችሁም። ክንዴን በነጠላ አንጠልጥዬ ወረድኩ። ሰይድ እያረሰ ነው፤ የሚያርሰው ግን የእኔን መሬት ነው፣ የእሱ ከማዶ መንጣት ጀምሯል።

"የእኔን ግማሽ ነካህ?"

"ነካሁ።"

"ያንተ መሬት እየደረቀ አይደለም እንዴ?"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን የእኔን አስቀደምክ?"

"ያለፈቃድህ ሞተሪኖ ከትቼ፣ በዚያ ላይ የራሴን ባስቀድም ሌባ አልባልም?"

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ። ከሰይድ መሬት እኩሌታው ደርቆ ቀረበት። እና በአጨዳ ጊዜ ማሽላውን አንድ አውድማ ላይ ወቃነው፣ የእኔ ያንተ ሳንባባል።

ምን አልክ አንተ? ትራክተሯ አሁንም ግማሽ ግማሽ ናት ወይ? እንዴታ! ሞተሪኖው ያለው እኮ በእኔ ግማሽ ነው። ሰይድ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ያስፈቅደኛል። ሃ ሃ! እስከዛሬ ከልክዬው አላውቅም።