የበቅሎ ነጋዴው ዓይን

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወርደው ባቡር ውስጥ አንድ ሽማግሌ የበቅሎ ነጋዴ አጠገባቸው ከተቀመጡ ሴት ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

“ሐኪም ቤት ምን ወሰደዎት፣ አባቴ?” አሉ ሴትየዋ።

“በቅሎ ናት የወሰደችኝ፣ ልጄ። የበቅሎ ዓይን በማወቅ እስከ ቡልቡላ ድረስ ስሜ ይጠራል። ባለፈው ገበያ ታዲያ አገላብጬ መርምሬ፣ አድንቄ፣ ዕውር በቅሎ ገዛሁ።”

“ባለቤትዎ ምን አሉ?”

“‘ሁለታችሁንም የሚመራ ሰው ልፈልግ’ አለች።”

“ሐኪሙስ?”

“በመስታወት ብርሃን እያበራ የዓይኔን ውስጥ አየ። ከዓይኔ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች አብጠው ደም ያንጠባጥባሉ አለ። ለካ ስኳር በሽታ ኖሮብኛል። እኔ ጥማቱን የቆላ ሙቀት ያመጣው መስሎኝ በጠጅ ሳስታግሰው ነው የከረምኩት።”

“ይድናል አለዎት?”

“የጠፋው አይመለስም፤ ጠጁን ከተውክ ግን የቀረው ሊቆይልህ ይችላል አለኝ።”

“ተዉት ታዲያ?”

“ትቻለሁ። ሴት ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሕፃኑን መልክ ሳላይ ‘እኔን ይመስላል’ ማለት አልፈልግም።”

ሞጆ ስንደርስ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ጣቢያው ላይ የቆሙትን ሰዎች አየሁ፤ ከዚያም ሌላውን ሸፈንኩ።